«አወቅከኝ?» ብላችሁ አትፈትኑት

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ቤት ነው። ኅዳር ሚካኤል ነበርና ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ በጠያቂ ተሞልቷል። ከሞተር ሳይክል ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታው ወጣት ከሆስፒታል ከወጣ ገና ቅርብ ነው። ዓይኑን ገልጧል፣ ተደግፎ ይቀመጣል፣ አልፎ አልፎ ይናገራል። ጠያቂው በየተራ እየጎነበሰ ግንባሩን ይስመዋል፤ ከዚያ ያችው ጥያቄ ትከተላለች፦ «አወቅከኝ?» ዝም ሲል፣ «እስቲ እኔ ማን ነኝ?» አንዱን ጎረቤት በወንድሙ ስም ጠራው። ቤቱ «ውይ!» አለ። ሌላዋን ትኩር ብሎ አይቷት ዝም ሲል እንባዋ መጣ። እንዲህ ጥቂት ሰዎች ካለፉ በኋላ ፊቱ በላብ ወረዛ፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

ከመንዝ የመጡት አክስቱ ዘግይተው ገቡ። በርጩማ ስበው፣ ፊታቸው ከፊቱ ትይዩ እንዲሆን ዝቅ ብለው ተቀመጡና እጁን ያዙት። «እትዬ ነኝ፤ የአባትህ እኅት። ከሞላሌ መጣሁ። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ አንተም ደብረ ብርሃን፣ እናትህ ቤት ነህ» አሉና ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ። አንዷ «አያውቅዎትም እኮ» ልትል ስትጀምር በእጃቸው ከለከሏት። ልጁ ቀስ ብሎ ዞረና «እትዬ፣ ገብሱ ታጨደ?» አላቸው።

ያን ቤት ያስደነቀው መናገሩ ነበር። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የሴትዮዋ አቀራረብ ነው። ሌላው ሁሉ ሊፈትነው መጣ፤ እሳቸው ግን መልሱን ይዘውለት መጡ። ማንነታቸውን፣ ከየት እንደመጡ፣ ቀኑን፣ እሱ ያለበትን ቦታ ሰጡትና ጊዜ ሰጡት። የጭንቅላት ጉዳት ማገገሚያ ባለሙያዎች ለቤተሰብ ሊያስተምሩ የሚደክሙበት ነገር ይኸው ነው።

ፈተናው ምን ያደርገዋል?

ከሰመመን የነቃ ሰው ወዲያው ወደ ቀድሞው ማንነቱ አይመለስም። በመካከል አንድ ወቅት አለ፤ ዓይን ተገልጦ፣ አፍ ተፈቶ፣ የዛሬው ቀን ግን አእምሮ ውስጥ የማይቀመጥበት። ለአንዳንዱ ሰዓታት፣ ለአንዳንዱ ሳምንታት፣ ለጥቂቶች ደግሞ ወራት ይወስዳል። ከአንድ ሳምንት ካለፈ ሐኪሞች ጉዳቱን ከከባዶቹ ይመድቡታል። በዚህ ጊዜ የድሮው ትዝታ በአብዛኛው በቦታው አለ፤ የልጅነቱ ደጅ፣ የአክስቱ ድምፅ፣ የአጨዳ ወር። የተጎዳው አዲሱን የሚይዝበት ችሎታ ነው። ስለዚህ በየሰዓቱ «የት ነው ያለሁት?» ቢል አልሰማ ብሎ አይደለም። መልሱን እንደ አዲስ መስጠት ነው፤ በዚያው ቃል፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

«አወቅከኝ?» ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ለተጎዳ አንጎል ግን ፊቱን መለየት፣ ከስንት ዘመድ መካከል ስሙን መፈለግ፣ መምረጥና ወደ አፍ ማምጣት አለበት፤ ይህን ሁሉ ሰው ዙሪያውን ቆሞ እያየው። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ቀድመው የሚጎዱት ደግሞ ትኩረትና የማሰብ ፍጥነት ናቸው። ላቡ የመጣው ከዚህ ነው። ጠዋት በእንግዳ የደከመ ልጅ ከሰዓት በኋላ መቀመጥም መብላትም ያቅተዋል፤ ቤተሰቡም «ትናንት ይሻለው ነበር» ብሎ ይደነግጣል።

ከድካሙ የሚብሰው ግን ግምቱ ነው። አለን ባደሊ እና ባርባራ ዊልሰን የተባሉ እንግሊዛውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ የማስታወስ ችሎታቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች እየገመቱ ከሚማሩ ይልቅ ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ ሲሰጣቸው የተሻለ እንደሚይዙ አሳይተዋል። እኛ ስንሳሳት መሳሳታችንን እናስታውሳለን፤ በዚያም እንታረማለን። እነሱ ግን እርማቱ ይጠፋቸዋል፣ የተናገሩት ስሕተት ይቀራል። በነሐሴ ጭቃ ላይ የተረገጠ ዱካ ጥቅምት ላይ ደርቆ እንደሚገኘው ነው። ጎረቤቱን በወንድሙ ስም የጠራ ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተፈተነ ያ ስም ከዚያ ሰው ጋር ተጣብቆ ሊቀር ይችላል።

አንዳንዴም ያልሆነውን ይናገራል። ቤት ተኝቶ ሰንብቶ «ትናንት ሸዋ ሮቢት ወርጄ መጣሁ» ይላል። ውሸት አይደለም፤ አንጎሉ የጎደለበትን ቦታ ባገኘው ነገር እየሞላ ነው፣ እሱም ከልቡ ያምነዋል። መከራከር ያስቆጣዋል። አብሮ ማጋነንም አይጠቅምም። «ሸዋ ሮቢት ትወዳለህ፤ ዛሬ ግን እዚህ ቤት ነን፣ ምሳ ልናቀርብ ነው» ብሎ ወደ አሁኑ ሰዓት መመለስ ይበቃል።

በር ላይ የሚነገር

በእኛ አገር «ጠያቂ አይምጣ» ማለት አይቻልም፤ መባልም የለበትም። ሰው መምጣቱ መድኃኒት ነው፣ አመጣጡ ግን ሥርዓት ይፈልጋል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው በር ላይ ይቁምና ለመጣው ሁሉ እንዲህ ይበል፦ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ስማችሁን፣ ዝምድናችሁንና ከየት እንደመጣችሁ እናንተው ንገሩት፤ አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ አንድ አጭር ነገር ተናግራችሁ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ይህ የመጨረሻው ለብዙ ሰው ከባድ ነው። በሦስተኛው ሰከንድ ላይ ጥያቄውን ደግመን፣ በአምስተኛው ሌላ እንጨምራለን፤ እሱ ገና የመጀመሪያውን እያነሣ ነው። ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም ይጥፋ። ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ። ከአንዱ ጠያቂ እስከ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያርፍበት ጊዜ ይኑረው።

የቀኝ አንጎሉ የተጎዳ ሰው ግራውን ጎን ጨርሶ ሊዘነጋ ይችላል። ከግራ የቆመን ሰው አያይም፣ የሳህኑን ግማሽ ትቶ «ጠገብኩ» ይላል። እንግዳውን በሚያስተውልበት በኩል አስቀምጡት፤ እናንተ ግን ስትመግቡትና ስታጥቡት ቀስ እያላችሁ ወደተዘነጋው ጎን አስዙሩት።

ቀኑን ለማስያዝ ከእኛ የቀን አቆጣጠር የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። «ዛሬ ኅዳር 12 ነው» ከማለት «ዛሬ ሚካኤል ነው» ማለት ከድሮው ትዝታው ጋር ይያያዛል፤ አምስት አቦ፣ ሰባት ሥላሴ፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም ከልጅነቱ አብረውት ያደጉ ናቸው። ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከጎኑ ያለውን ሰው ንገሩት፤ ማታም ድገሙለት። ለሙስሊም ቤተሰብ የሶላቱ ሰዓትና ጁምዓ ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ታዲያ መቼም አይጠየቅ? ይጠየቃል፤ መልሱን ከሰጡት በኋላ። ለምሳሌ የመድኃኒቱን ቦታ ማስያዝ ፈለጋችሁ እንበል። «መድኃኒትህ ሰማያዊው ጣሳ ውስጥ ነው» በሉት፤ ወዲያው «የት ነው?» ብላችሁ መልሱን አስደግሙት። ከ1 ደቂቃ በኋላ ጠይቁት፣ ከዚያ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 ደቂቃ በኋላ፣ እንዲህ ጊዜውን እጥፍ እያደረጋችሁ። ከጠፋበት እንዲገምት ሳትተዉት መልሱን ስጡትና ወደተሳካለት የጊዜ ርቀት ተመለሱ። በአንድ ሰሞን አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ። ደግሞም የሚጠቅመው ነገር ይሁን፤ የመጸዳጃው በር፣ ክራንቹ የሚቀመጥበት፣ ሲደክመው የሚለው ቃል። የአጎቶቹን ስም ዝርዝር ተዉት።

አንድ ደብተር ግዙና በክር ከአልጋው ጋር እሰሩት። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ፦ ማን መጣ፣ ምን በላ፣ መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ወሰደ፣ ምን አዲስ ነገር ቻለ፣ ምን ባሰበት። ማንም የቤተሰብ አባል ይጻፈው፤ ጠዋት ግን የትናንቱ ይነበብለት። መጻፍ ሲጀምር ብዕሩን ለእሱ ልቀቁለት። እዚህ ላይ የሰዓት ነገር ብዙ ቤት ያሳስታል። ካርዱ ላይ «7:00» ተብሎ የተጻፈ መድኃኒት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው፣ እኛ ግን በ7 ሰዓት ልንሰጠው እንችላለን። ከሆስፒታል ሳትወጡ «በእኛ ስንት ሰዓት?» ብላችሁ አስጽፉ፤ የስልኩንም ማንቂያ በዚያው ልክ ሙሉት።

ጉርሻ፣ ወጌሻ፣ ከሰል

ሦስቱም ከፍቅር የሚመጡ ናቸው፤ ሦስቱም ሲጎዱ ታይቷል።

ጉርሻ ለጊዜው ይቅር። የመዋጥ ችሎታው የተዛባ ሰው አፉ ሲሞላ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል፤ የሳንባ ምች የሚመጣውም በዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩን ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ ያድርግ፣ በሻይ ማንኪያ ግማሽ ግማሽ ስጡት፣ መዋጡን አይታችሁ ብቻ ድገሙ። ሰው የሚገርመው ከገንፎ ይልቅ ውኃና ሻይ አደገኛ መሆናቸው ነው፤ ቀጭን ነገር ጉሮሮው ሳይዘጋጅ ይወርዳል። ወፈር ያለ አጥሚት፣ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት፣ ይሻለዋል። ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦና በሶ አይሞከሩ። ከበላ በኋላ «አ» በል በሉት፤ ጉሮሮው ውስጥ ውኃ የቀረ የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም ትን ካለው፣ አቁሙ። በደከመው ጉንጩ ውስጥ የተደበቀ ምግብ እንዳይቀር አፉን እዩ። ከዚያ 30 ደቂቃ ሳይተኛ ይቆይ። ትን ሳይለውም የሚገባበት ሰው አለና ከምግብ በኋላ የሚደጋገም ትኩሳት ካለ ለሐኪም ንገሩ።

ወጌሻ ለወለምታ ብዙ ሰው አገልግሏል፤ እዚህ ግን ጡንቻው የተገተረው አንጎሉ በሚልከው ትእዛዝ እንጂ መገጣጠሚያው ወልቆ አይደለም። በኃይል ከተሳበ ጡንቻው ይደማል። በዚህ ጉዳት ጊዜ ደግሞ በዳሌ፣ በክርን፣ በጉልበትና በትከሻ ዙሪያ ቦታው ያልሆነ አጥንት የመብቀል ጠባይ አለ፤ መገጣጠሚያው ካበጠና ከሞቀ፣ እንቅስቃሴውም ከጠበበ ሐኪም ይየው። የደከመውን እጅ ይዞ መጎተት ትከሻውን ያወልቃል፤ ስታነሱት ከጀርባውና ከወገቡ ደግፉ። የሚጠቅመው ትንሽና የማይቋረጥ ነው፤ ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ 10 ጊዜ ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ፣ የሚገታበት ቦታ ሲደርስ ግማሽ ደቂቃ መያዝ። ጣቶቹንና ቁርጭምጭሚቱን አትርሱ፤ ቀድመው የሚደርቁት እነሱ ናቸው።

ከሰል ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ የሚያመጣው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚሞቅ ነገር መፈለግ ያለ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ከሰል ግን ሽታ የሌለው መርዝ ይተፋል፤ ያ መርዝ የሚጎዳው አስቀድሞ የተጎዳውን አንጎል ነው። በሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስም በማይሰማው ጎኑ ላይ ሳያውቀው ያቃጥለዋል። ባናና ጋቢ ደርቡለት፣ ካልሲ አድርጉለት፣ ከሰሉ ውጭ ይሁን።

ራሱ መገላበጥ እስኪችል ድረስ በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ጎኑ ይቀየር። የቀላ ቆዳ ስታዩ በጣት ጫን ብላችሁ ልቀቁት፤ ካልነጣ ቁስል ጀምሯል ማለት ነው። ቆዳው ጠቆር ያለ ከሆነ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ ዳስሱ። ቦታውን አትሹት፣ ጨርሶ አታስተኙበት። ውኃ የተሞላ ጓንት ተረከዝ ሥር ማድረግ የተለመደ ነው፣ አይረዳም፤ ይልቅ የታጠፈ ጋቢ ባቱ ሥር አድርጉና ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ። ጠጉሩ ያልተላጨ ንጹሕ አጎዛም ጥሩ ነው፤ መገላበጥን ግን አይተካም።

ይህን ሁሉ እናት ብቻዋን ከቻለች አንድ ወር ነው የምትችለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ጠያቂ ሁሉ «ምን ላምጣ?» ሲል ብርቱካን አታስመጡት። «ሐሙስ ሌሊት አንተ ገልብጠው» በሉት። የዕድሩ ሰው፣ የማኅበሩ ሰው በተራ የሚመጣበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

«ልጃችን ተለወጠ»

በመውደቅና በግጭት ጊዜ ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል በብዛት ይጎዳል፤ የራስ ቅሉ ውስጠኛ አጥንት እዚያ ሸካራ ነው። ነገር የመጀመር፣ ራስን የመግታት፣ የመታገሥ ሥራ የሚሠራው በዚያ ነው። ስለዚህ በእግሩ መሄድ ከቻለ በኋላ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል፣ ታላላቁን የሚሳደብ፣ በትንሽ ነገር የሚገነፍል ልጅ ይመጣል። ሰፈሩ «ሰነፈ» ይላል፣ «መንፈስ ነው» የሚልም አይጠፋም። ቤተሰቡን የሚጎዳው ከአልጋው ዘመን ይልቅ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰውነቱ ድኖ ስለሚታይ ማንም አያዝንለትም።

እዚህም መንገዱ የአክስትየዋ ነው። «ለምን አልታጠብክም?» ፈተና ነው፤ «ና፣ ውኃው ሞቋል፤ ፊትህን እንታጠብ» መልስ ነው። አንድ ትእዛዝ፣ ሲያልቅ ቀጣዩ። ሲቆጣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ክርክሩን ትታችሁ ክፍሉን ልቀቁ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ በሌላ ነገር ተመለሱ። ቁጣው የመጣበትን ሰዓት ደብተሩ ላይ ብትጽፉ ብዙውን ጊዜ ከድካም፣ ከረኃብ ወይም ከጫጫታ በኋላ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጠላና አረቄ ደግሞ ጨርሶ አይቅመስ፤ የተጎዳ አንጎል በጥቂቱ ይሰክራል፣ የሚጥል በሽታም ይቀሰቀሳል።

ቀኑን፣ ቦታውን፣ ትናንት የሆነውን ሳትነግሩት ሦስት ተከታታይ ቀን በትክክል ከተናገረ የግራ መጋባቱ ወቅት አልፏል ማለት ይቻላል። ያኔ ሥራ ስጡት፤ ሽሮ መለካት፣ ከሱቅ ጨው ገዝቶ መልሱን መቁጠር፣ በጎቹን ወደ በረት ማስገባት። ፈጣኑ መሻሻል በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ይታያል፤ ከዚያ ይዘገያል እንጂ አይቆምም፣ ከ2 ዓመት በኋላም አዲስ ነገር የሚችል ሰው አለ።

መልሶ ሲደክም

የሚጥል በሽታ ከጉዳቱ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ሲጥለው በጎኑ አስተኙት፣ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። ክብሪት አታሽቱት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ ውኃ አታጠጡት። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል ነው። የታዘዘለት የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ፊኒቶይንም ይሁን ሌላ፣ በድንገት ከተቋረጠ በሽታው በርትቶ ይመለሳል። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ስትወስዱት መድኃኒቱን አብራችሁ ያዙ፤ በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ፀበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም ብላ አስተምራለች። ለጾሙም የንስሐ አባቱን አነጋግሩ። የራስ ቅል አጥንቱ በቀዶ ሕክምና ተነሥቶ ገና ካልተመለሰ፣ በፀበሉ ግፊያ መካከል ያ ቦታ እንዳይመታ ከጎኑ አንድ ሰው ይቁም፣ በዚያ ጎኑም አይተኛ።

ከሁሉም በላይ የተሻለው ሰው መልሶ ሲደክም ችላ አትበሉ። እንቅልፍ ሲበዛበት፣ ራስ ምታቱ ሲጠነክር፣ ሲያስመልሰው፣ ይሄድ የነበረው እግሩ ሲጎተት፣ ሽንቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ አንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ወይም ደም ቀስ እያለ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በሲቲ ስካን ይታያሉ፣ በቀዶ ሕክምናም ይታገዛሉ፤ የደም መፍሰሱ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ትንሽ ከሚመስል ምት በኋላ ሳምንታት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ውሰዱት። ደብተሩንም ያዙ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ ነው፤ በጎ የነበረበት የመጨረሻው ቀን፣ የመጀመሪያው ትውከት፣ የተዘለለው መድኃኒት እዚያ ላይ ተጽፎ አለ።